ጀምቢያው ጊሌ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያለው የሰፈሬ ልጅ ነው። ከሥሩ «አቦ ይሄን አይተሃል? ጊሌያችንን ወስደው አውሮፕላን ላይ ለጥፈውታል እኮ!» ብሎ ጨምሮበታል። ምሳ እየበላሁ ማንበብ ጀመርኩ። አንዴ ጨርሼ ደገምኩት። ምሳው ቀዘቀዘ።

ጽሑፉ ስለ እንግሊዝ አየር ኃይል 8ኛ ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጦር ምድብ) ዓርማ ነው። ዓርማው ላይ አፎቱ ውስጥ ያለ ቆልማማ ጩቤ አለ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። ጩቤው የአፋር ጊሌ ነው። እንግሊዞች በ1932 ዓ.ም. ድሬዳዋን በቦምብ ሲደበድቡ እንደ ምርኮ የወሰዱት ነው። አፎት ውስጥ የገባው የየመኗን ዓደን ለቀው በውርደት ስለወጡ ነው። ላዩ ላይ ያለው ዘውድ የንጉሡ የግል ጠባቂ መሆናቸውን ያሳያል። ከሥር ያለው ቃል ጣሊያንኛ ነው። ሌላ አንድ ስኳድሮን ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ከጃንሆይ በስጦታ ተቀብሏል። መደምደሚያቸው፦ የድሬ አብራሪዎች ጊሌያቸውን ያስመልሱ።

ብዕራቸው ያምራል። ስለ ድሬ ሰማይ የጻፉት አንቀጽ ሆዴን አባብቶታል። ግን አብዛኛው ልክ አይደለም። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ነበር። ሱቅ ያለው ወዳጄ ግን ሥዕሉን አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ነው ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከጩቤው ልጀምር።

ልጅ ሳለሁ ቆልማማ ብረት ሁሉ ለእኔ ጊሌ ነበር። ስለዚህ ስህተቱ አይገርመኝም። ያረሙኝ መጋላ ውስጥ ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ናቸው። አያታቸው ከየመን የመጡ ናቸው። ሐጂ እንላቸዋለን። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ አንድ ጩቤ ከነመታጠቂያው ተሰቅሎ ነበር። እኔም አንድ ቀን «ሐጂ፣ ይሄ ጊሌ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። ከዚያ አወረዱትና እጄ ላይ አስቀመጡት።

አፎቱ ሥሩ ላይ ሲደርስ እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ላይ ይታጠፋል። እኔ ብረቱም አብሮ የሚታጠፍ መስሎኝ ነበር። ሐጂ መዘዙት። ብረቱ ሰፊና አጭር ነው። መሐሉ ላይ እንደ አከርካሪ ከፍ ያለ መስመር ወርዶበታል። መጠነኛ ጉብጠት አለው እንጂ እንደ አፎቱ አይታጠፍም። የመንጠቆዋ ጫፍ ባዶ ናት! እንጨትና ቆዳ ብቻ፣ ለጌጥ። ያን ቀን የተታለልኩት መታለል እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ይህ ጀምቢያ ነው። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ «ጎን» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የሚገርመው አብዛኛው የየመን ሰው የሚታጠቀው ጎኑ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ እምብርቱ ላይ አቁሞ ነው። ጊሌ ግን ሌላ ነው። ቀፊራ ገበያ ቆሞ ከአፋር የመጣ ሰው ያየ ያውቀዋል። ጊሌ ረዘም ይላል። ወገብ ላይ በአግድም ይተኛል፤ እጀታው እጅ በቀላሉ ወደሚደርስበት ጎን ይዞራል። አፎቱም እንደ መንጠቆ ተቆልምሞ ወደ ላይ አይመለስም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

አሁን ወደ ዓርማው። ጸሐፊው «ሥዕሉን ብቻ ተመልከቱ፣ ጊሌ ነው» ይላሉ። በዓርማ ሙያ ግን ሕጉ ሥዕሉ አይደለም። ሕጉ ጽሑፉ ነው። እያንዳንዱ ዓርማ በቃል የተጻፈ መግለጫ አለው። ሠዓሊው ያንን መግለጫ ተከትሎ ይሥላል። አንዱ ጩቤውን ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ቢያደርገው ዓርማው አይለወጥም። ቃሉ ከተለወጠ ግን ዓርማው ሌላ ሆነ ማለት ነው። የ8ኛው ስኳድሮን መግለጫ ደግሞ እጅግ አጭር ነው፦ «አፎቱ ውስጥ ያለ ጀምቢያ»። አለቀ። ስሙ በግልጽ ተጽፎ እያለ «ጊሌ ይመስላል» ብሎ መከራከር የሰውየውን መታወቂያ አይቶ ስሙን በመልኩ እንደ መገመት ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ጊሌና ጀምቢያ ባሕር የለያቸው ዘመዳሞች ይመስላሉ። ሐረርና ዓደን ለዘመናት በዘይላ ወደብ በኩል ሲነጋገዱ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው ከዓደን ተነሥቶ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1880 ለቡና ንግድ የመጣው ከዓደን ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ተወለደች፤ የየመን ነጋዴም ሱቁን ከፈተ። ዕቃ፣ ቃል፣ የምግብ ዓይነት፣ ጩቤ ሁሉ ሲመላለስ ነበር። «ይመሳሰላሉ» ቢሉ አብሬያቸው እስማማ ነበር። እሳቸው ያሉት ግን «ያው ነው» ነው።

ሁለተኛው ነገር የምርኮው ወሬ ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የከተማችን ታሪክ እዚህ ውስጥ አለ።

ድሬ መደብደቧ እውነት ነው። ጣሊያን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ የገባው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። ድሬ ያኔ በጣሊያን እጅ ነበረች፤ አየር ማረፊያዋም የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች ጣቢያ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ ከባሕሩ ማዶ ዓደን ላይ ነበሩ። ከዓደን እስከ ድሬ በአየር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ከዓደን እየተነሡ በዚህ አካባቢ የጣሊያን ጣቢያዎች ላይ ከዘመቱት መካከል 8ኛው፣ 39ኛውና 203ኛው ስኳድሮኖች ይገኙበታል። ስለዚህ ጸሐፊው 8ኛውን ብቻ ነጥለው ማምጣታቸው አንድ ጉድለት ነው።

ትልቁ ጉድለት ግን የጊዜ ነው። 8ኛው ስኳድሮን ዓደን የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ድሬ ላይ ቦምብ ከመውደቁ (እ.ኤ.አ. 1940) 13 ዓመት በፊት ማለት ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የኖሩት ወንዱ ሁሉ ጀምቢያ ታጥቆ በሚሄድበት አገር ነው። በዚያ አገር የኖረ ስኳድሮን ምልክት ምረጥ ሲባል ጀምቢያ ቢመርጥ ምን ይገርማል? ባሕር ተሻግሮ ከአፋር መውሰድ ለምን ያስፈልገዋል?

ደግሞም የእንግሊዝ ስኳድሮን ዓርማ የምርኮ መዝገብ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ የሌሎቹን እንይ። የ39ኛው ዓርማ ክንፍ ያለው ቦምብ ነው፤ መሪ ቃሉም «ቀንና ሌሊት» ማለት ነው። የ203ኛው ደግሞ ክንፍ ያለው የባሕር ፈረስ ነው። በጸሐፊው ሒሳብ ከሄድን 203ኛው ከደቻቱ የባሕር ፈረስ ማርኮ ሄዷል። ደቻቱን የሚያውቅ ይፍረድ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው፤ ሲመጣም ፈረስ ሳይሆን ጎርፍ ይዞ ነው የሚመጣው።

ጸሐፊው ድሬን በእንግሊዞች ታሪክ ውስጥ መፈለጋቸውን ግን አልነቅፍም። የፈለጉበት ቦታ ነው የተሳሳተው። እንግሊዞች ስኳድሮን የተዋጋበትን ቦታ የሚጽፉት ዓርማው ላይ አይደለም። ለዚያ ሌላ ነገር አለ፤ የጦርነት ክብር የሚባል ስያሜ። የዘመቻው ስምና ዓመት ይጻፍና ለስኳድሮኑ በይፋ ይሰጣል። ለረጅም ዘመን ያገለገለ ስኳድሮን ሰንደቅ ይሰጠዋል፤ ከክብሮቹ የተመረጡት እዚያ ላይ በጥልፍ ይሰፍራሉ። ከ8ኛው ስኳድሮን ክብሮች አንዱ «ምሥራቅ አፍሪካ 1940-41» (እ.ኤ.አ.) ይላል። ድሬ ካለች እዚያ ውስጥ ናት። ከአሰብ፣ ከሌሎቹም ጣቢያዎች ጋር በአንድ መስመር ተጠቅልላ። ስሟ አልተጻፈም። ጩቤ ግን አልሆነችም።

ነገሩ ያበቃው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር በጅጅጋና በካራማራ በኩል መጥቶ መጋቢት 17 ሐረር ገባ፤ መጋቢት 20 ድሬ ተያዘች። ሐረርን የያዙት ደግሞ የናይጄሪያ ወታደሮች ናቸው። ይህን ስናገር ስንት የሐረር ልጅ «እውነት?» እንደሚለኝ አልነግራችሁም።

አፎቱ ላይ እንምጣ። ጸሐፊው «ጩቤው የተከተተው እንግሊዞች ከዓደን ተባርረው ስለወጡ ነው» ይላሉ። እንግሊዞች ዓደንን የለቀቁት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1967 ነው። ዓርማውን ያጸደቀው ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ነው። እሱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የሞተ ንጉሥ ከ15 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሽንፈት ዓርማ አይፈርምም።

ታዲያ ለምን ተከተተ? የዓርማው ፍች ጠባቂነት ነው። ስኳድሮኑ ያኔ የዓደንና የአካባቢዋ ጠባቂ ነበር፤ አፎት ውስጥ ያለው ጩቤ ያንን ይናገራል። ጠባቂ ታጥቆ ይቆማል እንጂ መዝዞ አይዞርም። ሐጂም ያን ቀን ብረቱን ሲመዙት መጀመሪያ በሩን ዘጉ። ለምን ብላቸው «ጀምቢያ እንዲሁ አይመዘዝም፤ ሰው ካየህ ጠብ ፈለገ ይልሃል» አሉኝ። በእኛም ቤት ቢሆን እንግዳ ፊት ጎራዴ መዝዞ የሚያሳይ ጨዋ የለም። ጸሐፊው ይህን ያጡታል ብዬ አላምንም፤ ንዴቱ ነው የጋረዳቸው።

ደግሞ ስኳድሮኑ ዓደንን ከለቀቀ በኋላ ጩቤውን አልጣለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ከአየር ላይ በራዳር የሚቃኙ አውሮፕላኖች ማብረር ጀመረ። ስኮትላንድ ውስጥ ጀምቢያ የሚታጠቅ ሰው የለም። ብርዱ ራሱ እምብርት አያስገልጥም። ዓርማው ግን ያው ጀምቢያ ነው። አንዴ ከጸደቀ ስኳድሮኑ ቦታ ቢቀይር፣ አውሮፕላን ቢቀይር፣ ሥራ ቢቀይር ዓርማው አይቀየርም። ለዚህም ነው ዓርማ ሲነበብ «አሁን የት ናቸው?» ሳይሆን «ያኔ የት ነበሩ?» ተብሎ የሚጠየቀው።

ዘውዱን ቶሎ እንለፈው። ዘውድ የሌለበት የእንግሊዝ ስኳድሮን ዓርማ ፈልጉና አምጡልኝ። ክቡ፣ የቅጠል ጉንጉኑ፣ ላዩ ላይ ያለው ዘውድ፣ ከሥር ያለው መሪ ቃል የሚጻፍበት ጥቅልል፣ ይህ ሁሉ ለሁሉም አንድ ነው። እንደ ደብተር ሽፋን በሉት። የስኳድሮኑ የራሱ የሆነው መሐል ያለው ሥዕልና መሪ ቃሉ ብቻ ነው። ቀድሞ ሁሉም እንደፈለገው ይሥል ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ግን አንድ የዓርማ ሹም ተመደበና መልክ አስያዘው። ስኳድሮኑ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሹሙ ያስተካክላል፣ ንጉሡ ይፈርማል። የመጀመሪያዎቹን የፈረመው ኤድዋርድ 8ኛ ነው፤ ያው ለፍቅር ብሎ ዙፋኑን የተወው። ዘውዱ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ሥዕሉ መቼ እንደተሣለ ለማወቅ። በጆርጅ ጊዜ የዘውዱ አናት ድፍን ብሎ ክብ ነው። በንግሥት ኤልሳቤጥ ጊዜ መሐሉ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል። በቻርልስ ደግሞ እንደገና ክብ ሆኗል።

መሪ ቃሉ «ኡስፒያም ኤት ፓሲም» ይላል። ላቲን ነው። ይፋዊ ፍቺው «የትም ቦታ፣ ያለ ገደብ» እንደ ማለት ነው። ጣሊያንኛ የላቲን ልጅ ስለሆነ ጆሮ ሊያሳስት ይችላል፤ ይቅር እንበላቸው። ግን ጣሊያንኛ ቢሆንስ? የ30ኛው ስኳድሮን መሪ ቃል ፈረንሳይኛ ነው። ከፈረንሳይ የተማረከ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

አንበሳው ላይ ጸሐፊው ያነሡት 237ኛውን ስኳድሮን ነው። በርግጥ ዓርማው አንበሳ ነው። በርግጥም ይህ ስኳድሮን በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ ተዋግቷል። «አንበሳ፣ ኢትዮጵያ አካባቢ፣ ጃንሆይ» ብለው ሦስቱን ገጣጠሙ። ግን አንበሳው እግሩ ላይ ምን እንደያዘ አላዩም። የይሁዳ አንበሳ ዘውድ ደፍቶ የመስቀል በትር ይይዛል። የ237ኛው አንበሳ የያዘው የዝሆን ጥርስ ነው። ይህ ስኳድሮን የሮዴዥያ ነበር፤ የዛሬዋ ዚምባብዌ ማለት ነው። የዝሆን ጥርስ የያዘ አንበሳ ደግሞ ሮዴዥያን ቅኝ የገዛው የእንግሊዝ ኩባንያ ምልክት ነው። ከጃንሆይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በዓርማ ንባብ «አንበሳ አለ» ማለት ብቻ አይበቃም። ምን ይዟል? ወዴት ዞሯል? ዘውድ አለው? መለያው እዚያ ላይ ነው።

ጸሐፊው ወደ እኛ ጠጋ ያለ ዓርማ ከፈለጉ 47ኛውን ይዩ። ይህ ስኳድሮን ከሱዳን ተነሥቶ በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል። ዓርማው ላይ አንገቷ ረጅም የሆነ የተሰዳጅ ወፍ ጭንቅላት አለ። ከጀርባዋ ነጭና ሰማያዊ ሞገድ የተሣለበት ክብ አለ። በዓርማ ቋንቋ ያ ክብ «ምንጭ» ይባላል። ፏፏቴ ወይም ቧንቧ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ሞገድ ያለው ክብ ብቻ ነው። ውኃ ማለት ነው። መሪ ቃሉ ደግሞ «የናይል ስም የኃይላችን ምልኪ ነው» ይላል። ካርቱም ላይ የሚያልፈው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ዓባይ መሆኑን ማንም ያውቃል። ይህ ስኳድሮን በኋላ ሄርኩለስ የሚባሉትን የጭነት አውሮፕላኖች አበረረ። በ77 ድርቅ ጊዜ የእንግሊዝ ሄርኩለሶች ከአየር ላይ እህል ሲጥሉልን ነበር። ከተደበደበች ከተማ ተሰረቀ ከሚባል ጊሌ ይልቅ ይህኛው ታሪክ ቢጻፍ እኔ ራሴ እቀባበለው ነበር።

የቀረው የመጨረሻው ሐሳባቸው ነው፤ የድሬ አብራሪዎች ጊሌ ያድርጉ የሚለው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ያልተወሰደ ነገር አይመለስም፤ አዲስ ማድረግ ግን ይቻላል። ብቻ መጀመሪያ ጊሌው የማን እንደሆነ ይታወስ። የአፋር ነው፤ አፋሮች ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ ዓርማ ከሩቅ መነበብ አለበት። ጸሐፊው አያይዘው በላኩት ንድፍ ላይ ጊሌ፣ ባቡር፣ የሐረር ግንብ፣ ግመል፣ የቡና ቅጠልና የከተማዋ ካርታ አንድ ክብ ውስጥ ታጭቀዋል። አውሮፕላን ጭራ ላይ ሲለጠፍ የፈሰሰ ወጥ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ይምረጡ። እኔ ብጠየቅ የሽምንዳፈርን፣ የባቡሩን፣ አንድ ጎማ እመርጥ ነበር። ጎማ ብቻ። የድሬ ልጅ ያየዋል፣ ይገባዋል።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ወደ ሐጂ ቤት ሄድኩ። አሁን አርጅተዋል፤ ጀምቢያው ግን እዚያው ከሰዓቱ ጎን ነው። የ8ኛውን ስኳድሮን ዓርማ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። በሁለት ጣት አሰፉት። አፎቱን፣ መንጠቆዋን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጀታው ላይ ደረሱ። እዚያው ቆሙ። በየመን የጀምቢያ ዋጋ ያለው እጀታው ላይ ነው፤ የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ባለቤቱ ትልቅ ሰው ነው። ይበልጥ አሰፉት። ሥዕሉ ደበዘዘ።

«ቀንድ ነው እንጨት?» አሉኝ።

«መግለጫው አይልም ሐጂ።»

ስልኩን መለሱልኝ። «ታዲያ ምኑን ጻፉት!» አሉ።